ከማን ቀጥሎ ነኝ?

ጉለሌ በተደረገው የመገናኛ ቀናችን ከምሳ በኋላ የቀረበ ንግግር። ለዓመት መጽሐፉ ሲባል ጥቂት ታርሟል፤ አነጋገሩ ግን እንዳለ ተትቷል።



ኮሚቴው «ስለ ሥራህ ሃያ ደቂቃ ተናገርልን» ሲለኝ መጀመሪያ አይሆንም ብዬ ነበር። የኔ ሥራ ሁለት ሲስተም ማነጋገር ነው፤ አንዱ ያለውን መረጃ ሌላው እንዲወስድ መንገድ መጥረግ። ለጨዋታ የሚሆን ነገር የለውም። በኋላ ግን አንድ የዶርም ጓደኛዬ ትዝ አለኝና እሺ አልኩ።

በኛ ጊዜ ውጤት በስልክ አይመጣም ነበር። ወረቀት ላይ ታትሞ ዲፓርትመንቱ በር አጠገብ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስም የለውም፤ የመታወቂያ ቁጥርና ውጤት ብቻ ነው። የአንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት የወጣ ዕለት ጓደኛዬ ሄዶ ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የለም። ደገመ፤ የለም። ለማንም ሳይናገር ዶርም ተመልሶ ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ስገባ ሻንጣውን በገመድ እያሰረ ነው። «ምን ሆነሃል?» ብለው «ተባርሬያለሁ» አለኝ። እየጎተትኩ ወደ ሰሌዳው መለስኩት። ለካ ዝርዝሩ ሁለት ወረቀት ነበር! ሁለተኛው ስፒሉ ወልቆ ወድቆ ኖሮ የጽዳት ሠራተኛዋ አንስተው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውታል። የሱ ቁጥር ከላይ ሦስተኛው ላይ ነው። ሰውዬው ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ እየሳቀ ስለሆነ ግን ለይታችሁታል።

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ በነበረው ወረቀት ምንም ስህተት አልነበረበትም። ቁጥሮቹ ትክክል፣ ፊርማው በቦታው። የጎደለው ነገር ወረቀቱ ላይ ሊታይ አይችልም፤ የጎደለው ሌላ ወረቀት ነዋ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሁለተኛ ወረቀት ነው።

ከሌላ ዲፓርትመንት ለመጣችሁ፣ ኤፒአይ የምንለው ነገር እንደ መዝገብ ቤት መስኮት ነው። ልዩነቱ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ሄዶ የሚቆምበት መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ «የአዲስ አበባን ጤና ጣቢያዎች ዝርዝር ስጠኝ» ይላል፤ ከውስጥ ያለው ሰርቨር አውጥቶ ይሰጠዋል። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያሸክመውም። ምክንያት አለው፤ ከኋላ የቆሙ ሌሎች ጠያቂዎች አሉ፣ የሰርቨሩም አቅም ልክ አለው፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ የተወሰነ ያህል ይሰጥና «ቀሪውን ተመልሰህ ውሰድ» ይላል። ገጽ በገጽ መስጠት እንለዋለን።

ስንት ስንት እንደምትፈልግ ካልተናገርክ መስኮቱ በራሱ ልማድ ይሰጥሃል። ልማዱ ከቤት ቤት ይለያያል። ጊትሃብ ዝም ካልከው 30 ይሰጣል፤ ከጠየቅከው እስከ 100። የክፍያ ኩባንያው ስትራይፕ ዝም ካልከው 10 ነው። በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያለማው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ 50 ይሰጣል። ይህችን 50 ያዙልኝ፤ እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ስሙ ይቅር። ሥራችን ከጤና ጣቢያዎች የአክታ ናሙና በሞተር ሳይክል እየሰበሰብን የቲቢ ምርመራ ወደሚደረግበት ላብራቶሪ ማድረስ ነበር። የጂን ኤክስፐርት ማሽን ሁሉም ጤና ጣቢያ የለውም፤ ናሙናው ማሽኑ ወዳለበት መሄድ አለበት። ናሙናው ሲዘገይ ውጤቱ ይዘገያል፣ ውጤቱ ሲዘገይ መድኃኒቱ ይዘገያል፤ እስከዚያ ሰውዬው ቤተሰቡ መሐል እያሳለ ይቀመጣል። ይህን የምላችሁ ነገሩ የኮድ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው።

ሞተረኞቹ ቀድሞ የሚሠሩት በወረቀት ዝርዝር ነበር። ወረቀቱን በስልክ አፕ እንድተካ ታዘዝኩ። የጤና ጣቢያዎቹን ስም ከነአድራሻቸው በዲኤችአይኤስ 2 ከሚሠራ ሰርቨር በኤፒአይ እወስዳለሁ፤ አፑ ለየሞተረኛው የዕለቱን መዳረሻ ያወጣለታል፤ ሞተረኛው በደረሰበት ሁሉ ምልክት ያደርጋል፤ ሲጨርስ «የዛሬው ተጠናቋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣለታል። በዚያች አረንጓዴ ጽሑፍ ምን ያህል ኮርቼ እንደነበር!

ሳልሞክረው ደግሞ አላወጣሁትም። ሰፈሬ አዲሱ ገበያ ነውና «አዲሱ» ብዬ ፈለግኩ፤ መጣ። አለቃዬ የቦሌ ልጅ ነው፤ «ቦሌ» አለ፤ መጣ። «አራዳ» አልን፤ መጣ። ተጨባበጥን። አሁን ልብ በሉ፤ ዝርዝሩ የተደረደረው በላቲን ፊደል ነው። አዲሱ በ«ኤ»፣ አራዳ በ«ኤ»፣ ቦሌ በ«ቢ» ይጀምራሉ። ሦስቱንም የፈተንናቸው ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ዝርዝሩ በሀ ሁ ቢደረደር ኖሮ «አ» ከመሐል ስለሚውል ምናልባት ያኔውኑ እንያዝ ነበር። ፊደላችንን የተውንበት ቅጣት ነው ብዬ አንዳንዴ እስቃለሁ።

አፑ ሰኞ ሥራ ጀመረ። ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከወደ ሽሮ ሜዳ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የቲቢ ክፍሉን የያዙ ነርስ ናቸው። የጤና ጣቢያው ስም በላቲን ፊደል በ«ኤስ» ይጀምራል፤ የተቀረው ይቅር።

«ወንድሜ፣ የሞተሩ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም። ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሯል። ምን እናድርገው?»

«ሲስተር፣ እዚህ ሁሉም ተጠናቋል ነው የሚለኝ።»

«ማን ነው ያጠናቀቀው?»

ሞተረኛው ጋ ደወልኩ። ልጁ በዚያው ወር የተቀጠረ ነው። «ጋሼ፣ ስልኩ ጨርሰሃል አለኝ፤ ጨረስኩ» አለኝ። ምን ልበለው? ያልኩትን ነው ያደረገው።

እንግዲህ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያየው የሌላውን ጥፋት ነው። እኔም ግማሽ ቀን ያጠፋሁት ስም አጻጻፍ ላይ ነው። ጉለሌ በላቲን ፊደል አንዳንዱ ጋ በአንድ «ኤል»፣ አንዳንዱ ጋ በሁለት ይጻፋል። ሽሮ ሜዳም እንደ ጸሐፊው ነው። ነገሩ የተገለጠልኝ መስሎኝ መልሼ ደወልኩና «ሲስተር፣ ምናልባት የጤና ጣቢያችሁ ስም ተሳስቶ ተመዝግቦ ይሆናል» አልኳቸው። «ስማችንማ በራችን ላይ ተጽፏል፤ የጠፋው አንተ ጋ ነው» አሉኝና ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ የሰርቨሩን መልስ ከነጥሬው ከፍቼ አየሁት። ከላይ «ፔጀር» የምትል ትንሽ ክፍል አለች። ገጽ፣ 1። የገጽ ብዛት፣ 3። ጠቅላላ፣ ከመቶ በላይ። ቀጣዩ ገጽ የሚገኝበት አድራሻ ሳይቀር ተጽፏል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበረች። የኔ ኮድ እሷን ዘሎ ከሥሯ ያሉትን ሃምሳ ስሞች ብቻ ያነባል። ሰርቨሩ አልዋሸም፤ ኢንተርኔቱ አልተቋረጠም፤ ሎጉ ላይ አንድ ቀይ መስመር የለም። የመልሱ ኮድ 200 ነው፣ «ሁሉም ደህና» ማለት ነው።

ታዲያ ሌሎቹ ለምን አልጮኹም? ከዝርዝሩ የወደቁት ከግማሽ በላይ ናቸው እኮ! ለዚህ መልሱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ነባሮቹ ሞተረኞች መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል። አፑ ላይ ያለውን ምልክት ያደርጉና የሌለውን ደግሞ እንደ ድሮው ሄደው ያመጣሉ። «ስልኩ ይረሳል» ይባባሉ ነበር አሉ፤ ለኔ ግን የነገረኝ የለም። ስልኩን ያመነው አዲሱ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የተመደበው ጉለሌ ነው። የነባር ሠራተኛ ትጋት የኔን ስህተት አራት ቀን ሸፍኖልኝ ነበር።

ፍሪጅ ውስጥ የነበረው በዚያው ዕለት ማታ ተጫነ። ጥቂቱ ግን ለምርመራ አልሆነም ተብሎ እንደገና እንዲሰጥ ተጠየቀ። ከነዚህ አንዱ ሸማኔ ነበሩ፤ «ሥራዬን ፈትቼ አልመላለስም» ብለው ቀሩ። ሲስተር ቤታቸው ድረስ ሄደው ነው ያመጧቸው። ይህን የነገሩኝ ሊወቅሱኝ አይደለም፤ ሞተረኛው ቅዳሜም መምጣት አለበት ለማለት ነው። እኔ ግን ቅዳሜዋን አላስታውሳትም፤ ሽቅብ የሄዱበትን መንገድ ነው የማስታውሰው።

ራሴን የማጽናናበት አንድ የባሕር ማዶ ታሪክ አለ። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባለው ሳምንት፣ እንግሊዝ ውስጥ 15,841 ሕሙማን ከዕለታዊው ሪፖርት ሳይገቡ ቀሩ። ከላብራቶሪ የመጣው ዝርዝር የተገለበጠው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። የተረፈው ሳይጮኽ ተቆረጠ። ሕሙማኑ ውጤታቸው ደርሷቸዋል፤ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች የመፈለጉ ሥራ ግን ዘገየ። የኤፒአይ ጉዳይ አይደለም፤ በሽታው ግን አንድ ነው። ሙሉ ያልሆነ ዝርዝር ሙሉ መስሎ ይቀመጣል።

ወደ ኔ እንመለስ። በድንጋጤ የወሰድኩት መፍትሔ አጭር ነበር። ዲኤችአይኤስ 2ን «ገጽ አትክፈልብኝ፣ ሁሉንም ስጠኝ» ማለት ይቻላል። አንዲት ቃል ጨመርኩ፤ መቶ ምናምኑ በአንዴ ዱብ አለ። ለጤና ጣቢያ ዝርዝር ይህ ነውር የለውም፤ ዛሬም አደርገዋለሁ። ጥፋቴ ያችኑ ቃል የናሙና መዝገቡ ላይ መድገሜ ነው። እሱ በየቀኑ የሚያድግ መዝገብ ነው። ጥያቄዬ ሰርቨሩን ሲያስጨንቀው ቆይቶ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ተመለሰ። ያኔ ሪፖርት እያስገቡ የነበሩ ሰዎች ገጻቸው ቆሞባቸው ኖሮ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ደውሎ «ምን ነካህ?» አለኝ። ልክ ነበር። መዝገብ ቤት ሄዶ ሙሉውን መደርደሪያ አውርዱልኝ ማለት ነው።

ከዚያ ወግ ባለው መንገድ ገጽ በገጽ መውሰድ ጀመርኩ። ገጽ 1፣ ገጽ 2፣ ቀጣይ የለም እስኪባል። አሁን በቃ ጨረስኩ አልኩ። አልጨረስኩም። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ናሙና ይጎድላል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አይከሰትም። ስፈልገው ይጠፋል፣ ስተወው ይመጣል።

ነገሩ የገባኝ ማታ 12 ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሰልፈኛውን ሃምሳ ሃምሳ እየቆጠርክ ስም ትመዘግባለህ እንበል። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ጻፍክና ማስቲካ ልትገዛ ዞር አልክ። በዚያ መሐል ሚኒባስ መጥቶ ከፊት አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ሄደ። ተመልሰህ ከፊት ጀምረህ ሃምሳ ትቆጥርና «ከሃምሳ አንደኛው ልቀጥል» ትላለህ። ሃምሳ አንደኛው ግን አሁን ሌላ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች አንተ ሳታያቸው ወደ ፊት ተጠግተዋል፤ «የተመዘገቡት» መሐል ቆመዋል፣ ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም። ተቃራኒውም አለ። አንዱ ደፋር መጥቶ ከፊት ሰልፍ ከሰበረ፣ ጽፈህ የጨረስከው ሰው ወደ ኋላ ይገፋና ሁለት ጊዜ ትጽፈዋለህ። እኔ ገጽ 1ን ወስጄ ገጽ 2ን እስክጠይቅ ድረስ በመዝገቡ ላይ የሚሰረዝም የሚገባም ነበር። የኔ ዝርዝር ደግሞ የተደረደረው መጨረሻ በተነካበት ጊዜ ነው፤ አንድ ሰው አንዱን ናሙና ባረመ ቁጥር ናሙናው ከሰልፉ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላል።

አገሬው ግን ሰልፍ ላይ ቁጥር አይዝም። ዳቦ ቤትም ሆነ ታክሲ፣ መጥቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ከማን ቀጥሎ ነኝ?» «ቀይ ሻርፕ ካደረገችው ልጅ ቀጥሎ።» አለቀ። ከፊት የፈለገው ያህል ሰው ይሂድ፣ ቀይ ሻርፗን ካወቅክ ቦታህ አይጠፋም። እኛ ሠፈር ይህ ከርሰር ይባላል። «51ኛውን ስጠኝ» ሳይሆን «ከዚህ መለያ ቁጥር በኋላ ያሉትን ስጠኝ» ነው። ስትራይፕ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የመጨረሻውን መለያ ትነግረዋለህ፣ ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ይሰጥሃል፣ ሌላ ይኑር አይኑርም አብሮ ይነግርሃል።

ቴሌግራም ቦት የሠራችሁ ሳታውቁት ይህን ሠርታችኋል። ቦታችሁ ወደ ቴሌግራም ሄዶ መልእክት ሲወስድ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 100 ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው። ቀጣዩን ስትጠይቁ የመጨረሻውን ቁጥር በአንድ ጨምራችሁ ትልካላችሁ። ቴሌግራም ይህን ሲያይ «እስከዚህ ያለው ደርሷቸዋል» ብሎ የቀደመውን ዳግም አይሰጥም። እንግዲህ መብራት መሄዱ የማይቀርበት አገር ላይ ነን። ቁጥሩን ቀድማችሁ ጨምራችሁ መልእክቱን በኋላ የምትመዘግቡ ከሆነ፣ በመሐል መብራት ከሄደ መልእክቱ እናንተም ጋ የለም፣ እነሱም ጋ የለም። መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ተራመዱ። ማሽናችሁ ከአንድ ቀን በላይ ከተኛ ደግሞ ያም አያድንም፤ ቴሌግራም ያልተወሰደ መልእክት የሚያቆየው 24 ሰዓት ብቻ ነው።

እኔ የምጠይቀው ሰርቨር ግን በዚያ መዝገብ ላይ «ከማን ቀጥሎ» ብለው አይመልስልኝም፤ የሚያውቀው የገጽ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰልፉን ማስተካከል ነበረብኝ። ዝርዝሩ በተነካበት ሳይሆን በተፈጠረበት ጊዜ እንዲደረደር ጠየቅሁ፣ አሮጌው ከፊት። የተፈጠረበት ጊዜ አይለወጥም፤ አዲስ የሚመጣም እንደ ጨዋ ሰው ከኋላ ይቆማል። ከፊት የሚሰረዘው ግን አሁንም ያንሸራትተኛል። ለሱ ብዬ አንዱን ገጽ ስጨርስ ያለፈውን ደግሜ አየዋለሁ። ድግግሞሽ እንዳይፈጠር ደግሞ ስመዘግብ በመለያ ቁጥር ነው፤ ያለ ከሆነ አርመዋለሁ፣ ከሌለ እጨምረዋለሁ። ያው ናሙና አሥር ጊዜ ቢመጣም አንድ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ሥርዓት ብዙ እንቅልፍ ሰጥታኛለች፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ከየት ልጀምር ብዬ አልጨነቅም፣ ካስቀመጥኩት ገጽ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ እጀምራለሁ።

ጥቃቅኑን በፍጥነት ልለፍ። አንዳንዱ ቤት ገጽ ከ1 ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከ0፤ ሳያጣሩ የጀመረ የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉውን ይዘላል። 429 የሚል መልስ ከመጣ «ቀስ በል» ማለት ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደምትቆዩ ከነገራችሁ ያንን ያህል ቁሙ። ጠቅላላ ቁጥሩን አንዳንዱ ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፤ ጠይቁት።

ይህ ጠቅላላ ቁጥር አባቴን ያስታውሰኛል። አባቴ የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበር። መዝገቡን እሑድ እሑድ ሲሠራ እኔ መስመር አሰምርለታለሁ። በየገጹ ግርጌ ድምሩን ይጽፍና «ወደሚቀጥለው ገጽ የዞረ» ይላል። ገጹን ይገልጥና አናቱ ላይ «ካለፈው ገጽ የዞረ» ብሎ ያንኑ ቁጥር ይደግመዋል። «አሁን ጻፍከው እኮ፣ ለምን ትደግመዋለህ?» እለው ነበር። «ገጹ ቢቀደድ በምን ላውቅ?» አለኝ አንድ ቀን። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቼ፣ ኮዴ ውስጥ የጨመርኳት መስመር ይህችው ናት። ሰርቨሩ «ጠቅላላው ይህን ያህል ነው» አለ፤ እኔ ጋ የገባው ስንት ነው? እኩል ካልሆነ አረንጓዴው ጽሑፍ አይወጣም። ቢጫ ይሆንና «ዝርዝሩ አልተሟላም» ይላል። መጀመሪያውኑ ይህች መስመር ብትኖር ኖሮ ሰኞ ጠዋት፣ አንድም ሞተር ሳይነሳ እንይዘው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጉለሌ ዕጽዋት ማዕከል ስንዞር አንዲት የባዮሎጂ ተመራቂ እህታችን ከኔ ጋር ትራመድ ነበር። በኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገቡ ዕጽዋትን ከጂቢፍ ላይ ለማውረድ ኮድ እየጻፈች ነው። ጂቢፍ ለማታውቁት፣ የዓለም ሙዚየሞችና ቤተ ዕጽዋት መረጃቸውን የሚያጋሩበት፣ ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ያለ መረብ ነው። «ለምን 20 ብቻ ይመጣልኛል?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባታል። እዚያ ዝም ካላችሁት 20 ነው፣ ለአንድ ጥያቄ ቢበዛ 300። «መዝገቡ እዚህ ላይ አለቀ» የሚል ምልክት በየመልሱ አብሮ ይመጣል፤ እሱ «አዎ» እስኪል ትሄዳላችሁ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ከ100,000 መዝገብ በላይ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ሰፊ ነገር የሚፈልግ ሰው ገጽ መቁጠሩን ትቶ የማውረጃ ትዕዛዝ ይሰጣል። ሰርቨሩ በራሱ ጊዜ አጠናቅሮ አንድ ፋይል ያዘጋጅለታል፣ በጽሑፉም ሊጠቅሰው የሚችል ቋሚ መለያ ይሰጠዋል። ለተመራማሪ ይህ ይሻላል። እኔ ብሆን ያን ያህል ሳልርቅ፣ አሥር ሺህ ላይ ስደርስ ገጽ መቁጠሬን እተው ነበር፤ ይህ እንግዲህ የኔ አስተያየት ነው።

ስለ ሲስተር ልጨርስ። ከዚያ ሳምንት በኋላ በየጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ለኔ በቴሌግራም አጭር መልእክት የሚልክ ነገር ሠራሁ፤ «ሰርቨሩ ጋ ይህን ያህል፣ እኛ ጋ ይህን ያህል»። ለሲስተር ሳወራቸው «ለኔም ይላክልኝ» አሉ። ጨመርኳቸው። በየቀኑ ያነቡታል፤ «ደረሰኝ» ብለው ይመልሳሉ። ቦት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ግድ የላቸውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ነበሩ፤ አረንጓዴ ነው። ቡናዬን እየጠጣሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ቁጥሩ እንደ ትናንቱ ነው» አሉኝ።

«አዎ ሲስተር፣ እኩል ነው፤ ደህና ነው።»

«እንዴት ደህና ይሆናል? ትናንት አዲስ ጤና ጣቢያ ተከፍቷል፤ ከኛ ሁለት ነርሶች ወደዚያ ተዛውረዋል። በአንድ መጨመር አልነበረበትም?»

ሰርቨሩን ከፍቼ ፈለግኩ። ሦስቱንም ገጽ። እውነትም ገና አልተመዘገበም ነበር።

እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ። ኮዱን የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ እዚያ ጥግ እቀመጣለሁ።